የሰው ቃል እንደ ሰው ዕቃ

ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ሁልጊዜ ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ አንዳንዴ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻም ይበቃል።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ዝናቡ መንገዱን ሲያጥበው፣ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋ ከፍርድ ቤቱ በኩል እየሮጠች መጣችና ከአሮጌው ፎቅ ሥር ወዳለችው ጠባብ ሱቅ ገባች። ሱቋ አምስት ደረጃ ወርደው የሚያገኟት፣ የማሽን ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ የተቀላቀለባት፣ በቀንም አምፖል የሚበራባት ናት። የሱቋ ባለቤት የስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በቅጽል ስማቸው ነው፤ ጋሼ ዘይቴ። መኪናዬ ክር በጠሰብኝ ቢሏቸው፣ ጮኸብኝ ቢሏቸው፣ ጨርቅ ነከሰብኝ ቢሏቸው፣ መልሳቸው "መጀመሪያ ዘይት!" ስለሆነ ነው። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ "እኔን ራሴን ቢያመኝ እንኳ ዘይት ነው የሚያዝልኝ" እያሉ ያሟቸው ነበር።

"ጋሼ፣ ይህቺን ማንገቻ ይሰፉልኛል?" አለች ወጣቷ ፀጉሯን እያራገፈች።

ጋሼ ዘይቴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትኩር ብለው አዩአት። "ቆይ እስቲ። አንቺ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ አይደለሽም? ጥርስሽ ወልቆ ባዶ የክር መጠቅለያ ስጡኝ እያልሽ የምታስቸግሪኝ?"

"ነኝ ጋሼ! ጥርሱም በቅሎልኛል።"

"ተመስገን! ምን ላይ ደረስሽ ታዲያ?"

"እዚሁ ማዶ የችሎት ጸሐፊ ነኝ። ዳኛውም፣ ጠበቃውም፣ ምስክሩም የሚሉትን እጽፋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ስድቡንም?"

"ስድቡንማ በተለይ።"

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ግን እንደ ወትሮው ሆዳቸውን ሳያንቀሳቅስ፣ ከጥርሳቸው ላይ ቀረ። ማንገቻውን ከመኪናው ሥር አስገብተው መስፋት ሲጀምሩ ልጅቷ ግድግዳውን ትመለከት ገባች። ከወለል እስከ ጣሪያ ትናንሽ የእንጨት መሳቢያዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ደግሞ የዕቃውን ስም ብቻ አይናገርም። "የመኪና ጥርስ ማጽጃ ብሩሽ፤ ከአማቴ" ይላል አንዱ። "ቀጭኗ ካቻቢቴ፤ ከሰዓት ሠሪው።" "ክር ማጥበቂያ ሞላ፤ መለየቱን ያስተማረኝ ጫማ ሰፊው።"

"ይህ ሁሉ ስም ለምንድን ነው ጋሼ?"

"የአስተማሪዬ ሕግ ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ዕቃ የሰጠህን፣ ሙያ ያሳየህን ሰው ስሙን ከዕቃው ላይ አታንሳ ይለኝ ነበር። እኔ ይኸውልሽ ሰው ያቆመኝ ሰው ነኝ። ብቻዬን የማውቀው ነገር ቢኖር ማንኮራፋት ነው።"

ልጅቷ ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ዓይኗ ከመስኮቱ አጠገብ ካለ አንድ መሳቢያ ላይ ቆመ። ወረቀቱ ተቀዷል። የቀረው የሙጫው ነጭ ጠባሳ ብቻ ነው።

"የዚህስ ሰው?"

መኪናው ቀጥ አለ። ጋሼ ዘይቴ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሱ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለማንም ያልተናገሩት ነገር ነበራቸው፤ የተማረ ሰውም፣ የችሎት ሰውም፣ ያውም የጎረቤት ልጅ፣ በዝናብ ተነድታ እግራቸው ሥር መጥታለች።

"ልጄ፣ አንቺ ፍርድ የምትሰሚ ነሽ" አሉ ስልካቸውን ከጨርቅ ክምሩ ሥር አውጥተው እያቀበሏት። "እስቲ ይህን አንብቢና እኔ የበደልኩት ነገር ካለ ንገሪኝ። በበኩሌ የለም ባይ ነኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። በኢንተርኔት ላይ የስፌት መኪና ጠጋኞች የሚወያዩበት አንድ መድረክ አለ። ከያለበት የሚጠይቅ ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። በዚያ መድረክ "ባለመቀሷ" በሚል ስም የምትጽፍ፣ ጋሼ ዘይቴ በአካል አይተዋት የማያውቋት ልብስ ሰፊ አለች። ከሦስት ዓመት በፊት ጋሼ በእነዚሁ በአምስቱ ደረጃዎች ላይ ተንሸራተው ቀኝ እጃቸው ሲሰበር፣ ስብራቱ ቢድንም ጣታቸው ካቻቢቴ አልጨብጥ ብሎ ነበር። ሱቁን ሊዘጉ ቁልፉን ለአከራዩ ሊያስረክቡ ሲሉ፣ ይህቺው ሴት በዚያው መድረክ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሃያ ቀን ሙሉ ሳትሰለች ጽፋላቸዋለች። እጀታውን በክር መጠቅለያ እንጨት አወፍረው እንዴት እንደሚይዙት፣ ጣታቸውንም ጠዋት ጠዋት በምን እንደሚያፍታቱት አሳየቻቸው። በመጨረሻም በእጇ የፋቀችውን እጀታ በፖስታ ላከችላቸው። ወረቀቱ በተቀደደበት መሳቢያ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። ባለመቀሷ ስፌት ስለሚዘል መኪና፣ ከመርፌው ሥር ክሩን ስለሚቀበለው መንጠቆም ተጠይቃ እንዲህ ብላለች፦ "መርፌው ጎብጦ እንደሆነ ሳታዩ መንጠቆውን አትፍቱ።" ጋሼ ዘይቴ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ጠቅሰው የጻፉት ይህን ነው፦ "'መንጠቆውን አትፍቱ' ትለናለች ባለመቀሷ። እኔ አርባ ዓመት መንጠቆ ስፈታ አንድም መኪና አልሞተብኝም!" ከሥሩ ሃያ ሰባት ሰው ስቋል።

"ጋሼ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "እሳቸው እኮ እንዲህ አላሉም።"

"እንዴት አላለችም? አንድ ፊደል ጨምሬ እንደሆነ አሳዪኝ! የጻፈችውን ነው የጻፍኩት።"

"አልጨመሩም። ቆረጡ እንጂ። እሳቸው 'መርፌውን ሳታዩ አትፍቱ' አሉ፤ እርስዎ ራሱን አስቀርተው እግሩን አመጡት።"

"ሙሉው እዚያው ላይኛው ገጽ አለ! የፈለገ ወጣ ብሎ ያንብብ። ዓይን እያለው ላላነበበ ሰው ምን ላድርግለት?"

ልጅቷ በጣቷ ስክሪኑን ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጋ አንድ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ስልኩን መለሰችላቸው። "ይህቺን አንብበዋታል?"

ጋሼ ዘይቴ መነጽራቸውን አወረዱ። ስፌት ገና የጀመረች አንዲት ልጅ የጻፈችው ነው። "ባለመቀሷ መንጠቆ አይፈታም ስላለች ሳምንቱን ሙሉ መርፌ ብቻ እየቀያየርኩ ነው፤ ስፌቱ ግን አሁንም ይዘላል፤ የሰው ልብስ ይዤ ተቸግሬአለሁ" ትላለች።

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አነበቡት። "እኔን!" አሉ ለራሳቸው።

"አዩ ጋሼ? ጥቅሱ አርባ ገጽ ተሻግሮ ብቻውን ይሄዳል። አንባቢ ጥቅሱን ነው የሚያየው፤ ሙሉውን ፍለጋ የሚመለስ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። እኔም በዚህ ነገር ተቀጥቼበታለሁ።"

"አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?"

"ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ ምስክር 'አላየሁም ብዬ መዋሸት አልችልም' አሉ። እኔ ደግሞ ጣቴ ቀድሞኝ 'አላየሁም' ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄድኩ። ዳኛው ቃላቸውን መልሰው ሲያነቡላቸው፣ ሰውዬው ከመቀመጫቸው ተነሡና ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም እኮ ጋሼ፣ ቢቆጡ በተሻለኝ። 'ልጄ፣ የኔን አፍ መልሺልኝ' አሉኝ።"

ዝናቡ ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። እውነት ለመናገር፣ ምስክሩ ለልጅቷ የተናገሩት ቃል የሽማግሌውንም ደጅ አንኳኩቷል፤ እሳቸው ግን ገና በሩን አልከፈቱም። አርባ ዓመት ሙሉ ትክክል ሆኖ የኖረ ሰው በአንድ ቀን "ተሳሳትኩ" ሲል ምላሱ ይከብደዋል፤ ይህን ያላየ ሽማግሌ የለም።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መሸነፍም እንደ ማኩረፍም ብለው። "ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም እጠቅሳለሁ። ከላይ እስከ ታች! አንዲት ነጥብ አላስቀርም።"

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ስልኩን መልሳ ተቀበለቻቸው። "ጋሼ፣ እሱንም ያደርጉታል እኮ። ይኸው፣ የዛሬ ወር። አንድ ሰው ስለ ሞተር አርባ መስመር ጽፏል። በውስጡ የሌላ ሰው ጥቅስ አለ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ የሌላ። እርስዎ ይህን ሁሉ እንዳለ ገልብጠው ከሥሩ የጻፉት ምንድን ነው?"

"ምን ጻፍኩ?"

"'ተባረክ።'"

"ታዲያ ምርቃት ክፉ ነው?"

"ምርቃቱ ደግ ነው። ግን በስልክ የሚያነብ ሰው ያችን አንዲት ምርቃት ለማግኘት ጣቱ እስኪዝል ነው የሚገፋው። መርፌ ቸግሮት ለመጣ ጎረቤት መኪናውን ከነጠረጴዛው ተሸክሞ እንደ መውጣት ነው።"

ይህ ጋሼን አሳቃቸው፤ አሁን ሆዳቸውም ተንቀሳቀሰ። "ታዲያ ልኩ የቱ ጋ ነው? ብቆርጥ ወንጀል፣ ባልቆርጥ ሸክም!"

"እርስዎ መኪና ሲፈቱ ብሎኑን የት ነው የሚያስቀምጡት?"

"ነጭ ጨርቅ ላይ፣ በተፈታበት ተራ። ሌላ የት ይቀመጣል?"

"የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚፈቱት?"

"የታመመውን ብቻ። ያልታመመ መፍታት የጀማሪ ሥራ ነው።"

"ሲጨርሱስ?"

"ከወጣበት ቦታ እመልሰዋለሁ። ሌላ ቦታ የገባ ብሎን መኪና ይገድላል።"

"በቃ፣ ጥቅስም እንዲሁ ነው። የሚመልሱለትን ነገር ብቻ ይወስዳሉ። ግን ትርጉሙ እንዲቆም የሚያደርገውን አይቆርጡም። መካከሉን ከዘለሉ ነጥብ ነጥብ አድርገው መዝለልዎን ያሳያሉ። የማን ቃል እንደሆነ ስሙን ይጽፋሉ፣ ከየት እንደወሰዱት ያመለክታሉ። የእሱን ቃል በእሱ፣ የራስዎን በራስዎ ለይተው ከሥሩ ያስቀምጣሉ። ፊደል ቢስት እንኳ አያርሙትም፣ ለማሳቅም ብለው አያበላሹትም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? የሰው ቃልም ከአያያዝ ነው የሚቀደደው።"

"ይህንማ እኔም ለደንበኛ እላለሁ" አሉ ጋሼ፤ ተረቱ ከራሳቸው ሱቅ ወጥቶ ተመልሶ የመጣባቸው መስሏቸው።

ልጅቷ ግን ገና አልጨረሰችም። ስልኩን አንድ ገጽ አልፋ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ከጋሼ ጥቅስ በኋላ ባለመቀሷ "ወንድሜ፣ እኔ እንዲያ አላልኩም" ብላ በትሕትና ጽፋ ነበር። ጋሼም ሃያ ሰባቱ ሳቂዎች ፊት ማፈር ስላልፈለጉ ይህን መልሰዋል፦ "ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ራሷ በውስጥ መስመር ጽፋልኛለች፤ የጻፈችውንም አላየችው ይሆናል።"

ከዚያ በኋላ ባለመቀሷ አንድም ቃል አልጻፈችም። ይኸው አሥራ አንድ ቀን።

"ይህን ለእርስዎ ብቻ ነበር የነገሩዎት?" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ አልጠነከረም፤ ሽማግሌው ግን ችሎት የቆሙ ያህል ተሰማቸው።

"ለእኔ ብቻ" አሉ። "የእጄን ነገር ስነግራት፣ አይዞህ ብላ የራሷን ነገረችኝ። ሰው ቁስሉን የሚያሳየው ለቆሰለ ነው።" የማንገቻውን ስፌት ቋጭተው ቀጠሉ። "እውነቱን ልንገርሽ ልጄ። ቀንቼ ነው። በፊት ሰው ሁሉ 'ዘይቴ ምን ይላል' ነበር የሚለው። አሁን 'ባለመቀሷን ጠይቁ' ሆነ። ሊያውም እሷን ያሳፈርኩበት እጅ እሷ ያዳነችው እጅ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉሻል ይህ ነው።" ዓይናቸው ወደ መሳቢያው ሄደ። "ወረቀቱን የቀደድኩት ተናድጄ አይደለም። ሲያየኝ አፍሬ ነው።"

ልጅቷ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። "ጋሼ፣ የሰውን ስም እዚህ ግድግዳ ላይ ከዕቃው የማያነሳ ሰው እዚያ መድረክ ላይ ቃል ከባለቤቱ ለምን ይነጥላል? እንጨት እጀታ ከሰጠዎት ሰው ይልቅ ቃል የሰጠዎት ያንሳል?"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተረቱት እዚህ ላይ ነው። የረታቸው የፍርድ ቤቱ ወሬ አልነበረም፤ ነጭ ጨርቁም አልነበረም። የገዛ መሳቢያቸው ነው።

"እንግዲህ ልሰርዘው" አሉ ስልኩን ከእጇ እየወሰዱ። "ሁሉንም ድምጥማጡን ላጥፋው!"

"የእሳቸውን ምሥጢር፣ አዎን፣ አሁኑኑ። የእርስዎን ጽሑፍ ራስዎ ያጥፉ፤ ሌሎች የገለበጡት ካለ የመድረኩ አስተባባሪ እንዲያነሳው ይጠይቁ። የተቆረጠውን ጥቅስ ግን ዝም ብለው አያጥፉት። ሰዎች ከዚያ ላይ ወስደው ተነጋግረዋል፤ እርስዎ ቢያጠፉት ስሕተቱ አባት አልባ ሆኖ ይዞራል። እላዩ ላይ እርማት ይጻፉ፤ ሙሉ ቃላቸውን ያስቀምጡ።"

"በውስጥ የነገረችኝንስ? በአደባባይ ይቅርታ ልበላት?"

"እሱን ለእሳቸው ለብቻቸው ነው የሚጽፉት። በአደባባይ ይቅርታ ልጠይቅ ብለው ምሥጢሩን ደግመው እንዳያወሩት። በውስጥ የተባለ ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይጠቀስም፤ ምስጋና እንኳ ቢሆን ይጠየቃል።"

"ምስጋናም?"

"ምስጋናም።"

ጋሼ ዘይቴ "ልጻፍልዎ" ብትላቸው እምቢ አሉ። "የራሴን አፍ ራሴ ልክፈት።" መጀመሪያ ለባለመቀሷ ለብቻዋ ጻፉ፤ ምን እንዳሏት ልጅቷም አላየችም፣ እኛም አናውቅም። ቀጥለው በአመልካች ጣታቸው ፊደል በፊደል እየጠቀጠቁ፣ በየመካከሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ በመድረኩ ላይ ይህን አሰፈሩ፦

"እኔ ዘይቴ ነኝ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት የእህቴን የባለመቀሷን ቃል ቆርጬ አቅርቤ ነበር። ሙሉ ቃሏ 'መርፌው ጎብጦ እንደሆነ ሳታዩ መንጠቆውን አትፍቱ' የሚል ነው። ልክ ናት፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። የተከራከርኩት እሷ ካላለችው ነገር ጋር ነው። የሳቃችሁት በእሷ አይደለም፣ በእኔ አቆራረጥ ነው። ጀማሪዋ ልጅ፣ መርፌሽን መስታወት ላይ አንከባልዪው። ከተንገዳገደ ቀይሪው፣ ደህና ከሆነ ያኔ መንጠቆውን ፍቺና ቦታውን እይ፤ ካልሆነልሽ እኔ አለሁ። ዛሬ ካቻቢቴ የምይዘው በባለመቀሷ ምክር ነው። ይህን በየቀኑ መጻፍ ነበረብኝ።"

"የመጨረሻውን ልተወው ይሆን? ረዘመ" አሉ።

"ኧረ እሱን ብቻ እንዳይነኩት!" አለች ልጅቷ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ማንገቻዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ዋጋውን ብትጠይቅ "ሂጂ ወዲያ፣ ዛሬ የሠራሽው አንቺ ነሽ" ብለው አባረሯት።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። ጀማሪዋ ልጅ መርፌዋ ደህና እንደነበር፣ መንጠቆውን ፈትታ ቦታውን ስታስተካክል ስፌቱ መግባቱን በደስታ ጻፈች። ከሳቁት መካከልም ብዙዎቹ "እኛም ሳናነብ ነው የሳቅነው" አሉ። ባለመቀሷ ግን ዝም። ጋሼ ዘይቴ ሥራ ላይ ሆነው ስልካቸው ጭጭ ሲል ይጨነቃሉ፣ ሲጮህ ደግሞ ዘለው ያነሡታል። "የሰበሩት ሁሉ አይጠገንም፤ ይህን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል" ይላሉ ለራሳቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መልስ መጣ። ባለመቀሷ ከዚያ ሁሉ ረጅም ጽሑፍ የጠቀሰችው አንዲት መስመር ብቻ ነው፦ "ዛሬ ካቻቢቴ የምይዘው በባለመቀሷ ምክር ነው።" ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ብላለች፦ "ወንድሜ ዘይቴ፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ይዤው የምኖረው ግን ይህችን ስለሆነ ይህችን ብቻ ወሰድኩ። አሁን ወደ ሥራችን፤ የአዝራር ቀዳዳ የጠየቀው ሰው የታለ?"

ጋሼ ዘይቴ ስልኩን ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጡትና አለቀሱ። ደንበኛ ሲገባ "የዘይት ጭስ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያ መድረክ ሌላ መድረክ ሆነ ማለት ይቻላል። አስተባባሪው ስለ አጠቃቀስ ሁለት መስመር እንዲጽፉ ጋሼን ለምኗቸው ጻፉ፤ የመጀመሪያው መስመር ግን "ይህን የነገረችኝ አንዲት የችሎት ጸሐፊ ናት" የሚል ነው። ሰው የሚመልስለትን ያህል ብቻ ስለሚጠቅስ ገጹ ቀለለ፤ ዓይናቸው የደከመም ሳይቸገሩ ማንበብ ቻሉ። ማን ምን እንዳለ ስለሚታወቅ ክርክሩ ከሰው ወርዶ መኪናው ላይ ሆነ። ጀማሪ የተሟላ ምክር ያገኛል፤ አዋቂም ቃሌ ይቆረጥብኛል ብሎ ስለማይፈራ የሚያውቀውን አይደብቅም። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ሰው አንዳች ገንዘብ አላወጣም። የሰውን ቃል እንደ ሰው ዕቃ ይዞ ለባለቤቱ መመለስ ብቻ ነው የተጨመረው።

ከወር በኋላ የችሎት ጸሐፊዋ የእናቷን የስፌት መኪና አሸክማ መጣች። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ መስኮቱ ነው። መሳቢያው ላይ "እጀታ፤ ከባለመቀሷ" የሚል አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ከጎኑም አንድ ሌላ መሳቢያ አለ፤ ስትስበው ምንም ዕቃ የለበትም። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይህ ነው፦ "'የኔን አፍ መልሺልኝ።' አንድ ምስክር ለችሎት ጸሐፊዋ፤ ጸሐፊዋ ለእኔ።"

ደግማ ስታነበው ጋሼ ከኋላዋ ጠየቋት። "ምን ሆነ ይህ መኪና?"

"ስፌት ይዘላል፣ ጋሼ።"

"መጀመሪያ ዘ..." ብለው ቆሙ። ሳቅ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን እንደ ሰባኪ አነሡና "'መርፌው ጎብጦ እንደሆነ ሳታዩ መንጠቆውን አትፍቱ'፤ ባለመቀሷ ናት ያለችው" አሉ። መርፌውንም ከመኪናው አውጥተው፣ ባወፈሩት እጀታ ካቻቢቴያቸውን እንደያዙ፣ መስታወቱ ላይ ቀስ አድርገው አንከባለሉት።